ሻዩም ይለካ

የውሃ ናሙና ይዞ የሚመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ፣ «ከ1.5 በታች ነው?» ብሎ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የፍሎራይድ ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ስለሆነ ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን ውሃ ብቻ ጠጥቶ የሚውል ማን አለ? ደሴ ፒያሳ ላይ ጠዋት የሚቀዳው ሻይ፣ ኮምቦልቻ ላይ ለሠራተኛው ምሳ የሚቀርበው ሽሮ የየራሱን ፍሎራይድ ይጨምራል።

የሻይ ተክል ፍሎራይድን ከአፈር እየሳበ በቅጠሉ ያከማቻል፤ ያረጀው ቅጠል ከለጋው የበለጠ ይይዛል። ሲፈላ ብዙው ወደ ውሃው ይወጣል።

ሻይን መለካት ውሃን እንደ መለካት አይቀልም። ፍሎራይድ የምንለካበት ኤሌክትሮድ ጫፍ የላንታነም ፍሎራይድ ክሪስታል ነው፤ የሚያየውም ነጻውን ፍሎራይድ ብቻ ነው። ሻይ ውስጥ ያለው አሉሚኒየም ደግሞ ፍሎራይዱን ይዞ ይደብቀዋል። ለዚህ ነው ቲሳብ የምንለውን ፈሳሽ የምንጨምረው፤ ፒኤቹን 5 እና 5.5 መካከል ያቆየዋል፣ አሉሚኒየሙን ይዞ ፍሎራይዱን ያስለቅቃል። ይህን የዘለለ ባለሙያ ከእውነተኛው ያነሰ ቁጥር ይጽፋል፤ የሚጠረጥረውም የለም፣ ዝቅተኛ ቁጥር ሁሉንም ደስ ያሰኛልና።

የሽሮና የጤፍ ዱቄት ሥራው የባሰ ነው። በአሲድ ቢሞቅ ፍሎራይዱ ጋዝ ሆኖ ያመልጣል፤ ስለዚህ ከሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ጋር በኒኬል ዕቃ ይቃጠላል።

የፍሎራይዱ መጠን በጣም ሲያንስ የኤሌክትሮዱ ንባብ ቶሎ አይረጋም። የሚያሳየው ሚሊ ቮልት ቀስ እያለ ይሳባል፣ የቆመ ይመስልና እንደገና ይሄዳል። እዚህ ላይ የቸኮለ ይሳሳታል፤ የአንድ ሚሊ ቮልት ልዩነት ውጤቱን 4 በመቶ ያህል ያዛባል። በደሴ የጠዋት ብርድ ስታንዳርዱ (መጠኑ የታወቀው ማነጻጸሪያ) እና ናሙናው እኩል ሙቀት ላይ ሳይደርሱ ማንበብም ያው ነው። እኔ በበኩሌ ናሙናው ላይ የታወቀ የፍሎራይድ መጠን ጨምሬ፣ ያንኑ መልሶ ካላሳየኝ ውጤቱን አልፈርምበትም።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ወንጂ ላይ ፍሎራይድ የበዛበት የጉድጓድ ውሃ የስኳር እርሻ ሠራተኞችን ጥርስ ከማበላሸት አልፎ አጥንታቸውን ጎድቷል። እንዲህ ባለ ውሃ የተሠራ ወጥም ፍሎራይዱን ይዞ ይቀርባል። ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ፍሎራይድን አያስወግድም፤ ውሃው በተነነ ቁጥር የቀረው ይበረታል።

እባካችሁ፣ ናሙና ስታመጡ በብርጭቆ ጠርሙስ ሳይሆን በንጹሕ ፕላስቲክ አድርጉት። ሻይ ከሆነ የተፈላበትን ውሃም ለብቻው አምጡ፤ ከቅጠሉና ከውሃው የትኛው እንዳመጣው የምንለየው ሁለቱን ስንለካ ነው።