መግቢያውን አትዝለሉት

የእህቴ ልጅ አንድ መጥፎ ልማድ አለው። ዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ እኔ ቤት ሶፋው ላይ ተጋድሞ ፊልም ሲከፍት፣ ጥግ ላይ ብቅ የምትለውን «መግቢያውን ዝለል» የምትል ቁልፍ ፊልሙ ገና ሳይጀምር ይጫናታል። «ምን ይታያል ጋሼ? የሰው ስም ዝርዝር እኮ ነው» ይለኛል። አንድ ቅዳሜ በረዶ ቤት ሲያውለን፣ እንዲህ ያለች ቁልፍ የማታውቅ ሣጥን ከመደርደሪያ አወረድኩለት። ይህ ጽሑፍ ስለዚያች ሣጥን ነው።

ውስጧ 40 ዲቪዲ አለ። የያዘችውም «ባለ ስድስት ሚሊዮን ዶላሩ ሰው» የተባለውን የአሜሪካ የሳይንስ ልብወለድ ተከታታይ ፊልም ነው። ለማያውቀው ባጭሩ፦ ስቲቭ ኦስቲን የተባለ ጠፈርተኛና የሙከራ አብራሪ ተከስክሶ ሁለት እግሮቹን፣ ቀኝ እጁንና ግራ ዓይኑን ያጣል። መንግሥት ስድስት ሚሊዮን ዶላር አውጥቶ የጎደለውን በማሽን ይተካለትና የስለላ ሥራ ያሠራዋል። መነሻው ማርቲን ኬይዲን በ1972 ያሳተመው «ሳይቦርግ» የተሰኘ ልብወለድ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር አንብቡልኝ)። የቴሌቪዥን ጣቢያው ኤቢሲ በማርች 1973 መጀመሪያ እንደ አንድ ወጥ ፊልም አሳየው፤ ከዚያ ከጃንዋሪ 1974 እስከ ማርች 1978 በየሳምንቱ አስኬደው። ስቲቭን ሊ ሜጀርስ፣ አለቃውን ኦስካር ጎልድማንን ሪቻርድ አንደርሰን ሆነው ሠሩ። በታሪኩ የኦስካር ቢሮ እዚሁ ዋሽንግተን ነው። ቀሪውን ሣጥኗ ትነግራችኋለች።

ስለ ሩጫው ግን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ስቲቭ በሰዓት 60 ማይል ይሮጣል ይባላል፤ በመኪና መንገድ ላይ ቢወጣ የኔን ታክሲ ጎን ለጎን ይሄዳል ማለት ነው። የፊልሙ ሰዎች ይህን ፍጥነት የሚያሳዩት በዝግታ ነው። ፀጉሩ ቀስ ብሎ ይነሳል፣ ክንዱ ቀስ ብሎ ይወናጨፋል፣ ከሥር የብረት ድምፅ ይንቃጨላል። ምስሉን አፍጥነውት ቢሆን ኖሮ ድምፅ አልባ ዘመን ቀልድ ይመስል ነበር። ዝግ ሲያደርጉት ግን ተመልካቹ ራሱ በሐሳቡ ያፈጥነዋል። የፍጥነት ትርጉም እንዲህ ሲገለበጥ ሌላ የት አይቻለሁ? አላስታውስም።

ወደ ሣጥኗ ልመለስ። ተከታታዩ በ1978 አለቀ፤ አሜሪካ ውስጥ ሙሉው በዲቪዲ የወጣው በኖቬምበር 2010 ነው። 32 ዓመት! በዚህ መሐል ወዳጆቹ ያላወሩት ወሬ የለም። አንዱ ፊልሙ ተቃጥሏል ይላል፣ ሌላው ኩባንያው ረስቶታል ይላል። ፊልሙ አልተቃጠለም፤ የረሳውም የለም። እዚሁ ቆሞ እያለ በእንግሊዝ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ምዕራፎች በዲቪዲ ወጥተው ይሸጡ ነበር። አሜሪካ ላይ ያሰረው ወረቀት ነው፦ ታሪኩን አዲስ የሲኒማ ፊልም ለማድረግ ከታሰበው ጋር የተጠላለፈ የባለመብትነት ጉዳይ። የአሜሪካ ፊልም አሜሪካ ውስጥ አልገኝ ብሎ ባሕር ማዶ ይገኛል። 

እኔም ትዕግሥት አጥቼ የእንግሊዙን ዲስክ አስመጣሁ። ያን ጊዜ የምኖረው እዚሁ ዋሽንግተን አጠገብ አሌክሳንድሪያ ነበር። ማጫወቻዬ ዲስኩን ዋጠ፣ አሽከረከረ፣ «ክልሉ ስህተት ነው» የሚል ጽሑፍ ደቀነብኝና መልሶ ተፋው። ዲቪዲ ዓለምን በቁጥር ከፋፍሏታል፦ አሜሪካ 1፣ እንግሊዝ 2፣ አገራችን ኢትዮጵያ 5። የአንዱ ክልል ዲስክ ለሌላው ማጫወቻ ባዕድ ነው። በሚቀጥለው ዓመት አዲስ አበባ ስሄድ ይዤው ሄድኩ። የወንድሜ ርካሽ ማጫወቻ ከየት መጣህ ሳይል ቁጭ አድርጎ አጫወተው። ወንድሜ እስከ ዛሬ ይስቅብኛል።

ከክልሉ ሌላ የምስሉ ሥርዓትም አለ። እኛ ፓል፣ አሜሪካ ኤንቲኤስሲ። ይህን በስም የማያውቅ ስደተኛ እንኳ በኑሮው ያውቀዋል። የእህቴ ሠርግ በካሴት ተቀርጾ የተላከልኝ ጊዜ ጓደኞቼን ጠርቼ፣ ዳቦ ቆርሼ፣ ካሴቱን ዴኩ ውስጥ ከተትኩት። ሙሽራዋ ጥቁርና ነጭ ሆና ከታች ወደ ላይ ትንከባለል ጀመር። አማቾቹ ተከትለዋት ተንከባለሉ። ካሴቱ ምንም አልሆነም ነበር፤ ፓል ምስሉን በ625 መስመርና በሰከንድ በ25 ሥዕል ይጽፋል፣ የኔ ዴክ ደግሞ 525 መስመርና 30 ሥዕል ነው የሚጠብቀው። ገንዘብ ከፍለን ካስገለበጥነው በኋላ ሙሽራዋ ረጋችልን። ያን የተንከባለለ ካሴት «ተበላሽቷል» ብላችሁ የጣላችሁ ካላችሁ፣ ይቅር ይበላችሁ።

ሣጥኗን በመጨረሻ ያወጣት ታይም ላይፍ ነው። የኛ ሰፈር ሰው ይህን ስም ሊያውቀው ይገባል። የመጽሐፍ ክፍሉ በ1976 ከኒውዮርክ ተነስቶ አሌክሳንድሪያ ዱክ ስትሪት ላይ ሠፈረ፤ በየወሩ አንድ አንድ እያለ በፖስታ የሚመጣው ባለ ብዙ ቅጽ መጽሐፍ ከዚያ ነበር የሚሰናዳው። በ1990ዎቹ ታክሲ ስነዳ በዚያ መንገድ በቀን ስንቴ እንደማልፍ እንጃ፤ ሕንፃውን ግን ቀና ብዬ አይቼው አላውቅም። ኋላ ኩባንያው ወደ ፌርፋክስ ዞረ፤ ከመጽሐፉ ወጥቶም በሙዚቃና በዲቪዲ ላይ አተኮረ። ሙያው ሌላው የሰለቸውን ወረቀት ቁጭ ብሎ መፍታት ሆነ። በ2014 «ዘ ዋንደር ይርስ»ን ያወጣውም እሱ ነው፤ ያን ተከታታይ ያሰረው በየክፍሉ የተዘፈነው ዘፈን መብት ነበር። የስቲቭ ኦስቲን ሣጥን መጀመሪያ በሱቅ አልተገኘችም፤ በቀጥታ ከኩባንያው ማዘዝ ነበረብን። መቶ ያህሉ ክፍል፣ የመነሻዎቹ ፊልሞች፣ በ1987፣ በ1989 እና በ1994 የተሠሩት ተዋናዮቹ እንደገና የተገናኙባቸው ፊልሞች፣ ከእህት ተከታታዩ ከ«ባዮኒኳ ሴት» ጋር የሚያያዙት ክፍሎች ሁሉ አሉበት። በኋላም በ2022 በብሉሬይ ወጥቷል። እኔ ግን የመጀመሪያዋን አልለቃትም።

አሁን ወደ መግቢያው እንግባ። የእህቴ ልጅ የዘለለው ይሄን ነው።

መግቢያው አንድ ደቂቃ ከምናምን ነው። አንድ ትልቅ አውሮፕላን በክንፉ ሥር ትንሽ፣ ክንፍ የሌለው፣ ጀልባ የመሰለ ነገር ይዞ ይታያል። ይለቀዋል። ትንሹ ይወርዳል፣ አብራሪው በሬዲዮ ሲናገር ይሰማል፣ ከዚያ መሬት ይመታና እየተገላበጠ ይሄዳል። አብዛኛው ሰው ይህ በስቱዲዮ የተሠራ የአሻንጉሊት አውሮፕላን ነው ብሎ ያምናል። እውነቱን የሰሙት ደግሞ አብራሪው እዚያው ሞቷል ይላሉ። ሁለቱም ተሳስተዋል።

ግጭቱ እውነተኛ ነው። ሜይ 10 ቀን 1967 በካሊፎርኒያ ኤድዋርድስ የአየር ኃይል ሠፈር በደረቁ ሐይቅ ላይ ደረሰ። ማሽኑ ኤም2-ኤፍ2 ይባላል፤ ኖርዝሮፕ ለናሳ የሠራው ነው። አብራሪው ብሩስ ፒተርሰን ነበር። በዚያ ቀን ሞተር ሳይነሳ ከቢ-52 አውሮፕላን ተለቆ በመንሸራተት ብቻ ሊያርፍ ነበር የታሰበው። ክንፍ የለውም ማለት አካሉ ራሱ ክንፍ ነው ማለት ነው፤ ታቹ እንደ ቅርፊት ጎበጥ፣ ላዩ ጠፍጣፋ ሆኖ አየሩ ላይ ይደገፋል። ፒተርሰን ሲወርድ ማሽኑ ግራና ቀኝ ይዋልል ጀመር። እሱን አረጋግቶ ሲወጣ መስመሩን ስቶ ነበር፤ ምልክት በሌለው ሜዳ ላይ ከፍታውን መገመት ያስቸግራል፤ በዚያ ላይ የነፍስ አድን ሄሊኮፕተር ፊት ለፊቱ መጥቶ ሐሳቡን ከፈለው። ጎማውን አወረደ፤ ግን ጎማው ወርዶ ሳይቆለፍ መሬት ነካ። በሰዓት 250 ማይል ገደማ እየሄደ ስድስት ጊዜ ተገላበጠና በጀርባው ተኝቶ ቆመ።

ፒተርሰን አልሞተም። ፊቱ ክፉኛ ተጎድቶ በተደጋጋሚ ቀዶ ጥገና ተደረገለት፤ ቀኝ ዓይኑን ያጠፋውም ግጭቱ ሳይሆን በሕክምናው ጊዜ የያዘው ኢንፌክሽን ነው። ልብ በሉ፤ ስቲቭ ኦስቲን ያጣው ግራውን ነው። ልብወለዱ ዓይኑን አዛወረው። ፒተርሰን በማሽን የተተካለት ነገር የለም፤ በቀረው ዓይኑ ናሳ ውስጥ መሥራቱን ቀጠለ፤ በኮምፒውተር የሚመራ አውሮፕላን ሙከራ ላይ መሐንዲስ ሆኖ አገለገለ፣ በ2006 አረፈ። ቴሌቪዥኑ ግን በየሳምንቱ እሑድም ሆነ አርብ እንደገና ይከሰክሰው ነበር። ያን ሰው እያሰብኩ ነው መግቢያውን የማየው።

ሣጥኗ ዋጋዋን ያሳየችን እዚህ ላይ ነው። ያን ቅዳሜ ዲስኩን አቁመን አንድ አንድ ሥዕል እየገፋን ሄድን። በክንፍ ሥር ተንጠልጥሎ የሚለቀቀው ማሽን ላይ ስንደርስ ልጁን «ጭራውን ቁጠር» አልኩት። «ሦስት» አለ። ሆዱስ? «ጠፍጣፋ ነው።» ወደ ግጭቱ ገፋን። አቧራው ውስጥ የሚገላበጠው ጭራው ሁለት ነው፣ ሆዱም ጎባጣ። ተነስቶ ተቀመጠ። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ሌላ ነው!» አዎ፣ ሌላ ነው። የሚለቀቀው ኤችኤል-10 የተባለ ወንድሙ ነው፤ ሆዱ ጠፍጣፋ ላዩ ጎባጣ፣ ተቃራኒ። አዘጋጆቹ ሁለት ማሽን ቆርጠው አንድ አድርገው ሰፉት። በ1974 በታየው «ገዳዩ ድጋሚ» በተባለው ክፍል ደግሞ ራሱን ኤችኤል-10ን አምጥተው ስቲቭ የተከሰከሰበት ይሄ ነው ይሉናል። አይደለም! ኤችኤል-10 ተከስክሶ አያውቅም። እየሮጠ በሚሄድ ስርጭት ይህን ማን ያያል? በጣት ተይዞ የሚቆም ነገር ያስፈልጋል።

የተከሰከሰውስ? ጠገኑት። የመዋለሉ ነገር እንዲቀርለት መሐል ላይ ሦስተኛ ጭራ ጨመሩለት፣ ስሙም ኤም2-ኤፍ3 ሆነ፣ እስከ ዲሴምበር 1972 በረረ። ከዚያ ለስሚዝሶኒያን ተሰጠ። እኔ ያየሁት ሙዚየሙ ለእድሳት ከመነካቱ በፊት፣ ከዋሽንግተኑ የአየርና ጠፈር ሙዚየም ጣሪያ ላይ ተሰቅሎ ነው። ከአሌክሳንድሪያ በሜትሮ ስንት ደቂቃ ነው? ከሥሩ ቆሜ ሆዱን እያየሁ ሳለ ሰዎች እየገፉኝ ወደ አፖሎ ያልፋሉ። ሞተር ሳያስነሱ ከጠፈር ወርዶ በአንድ ሙከራ ማረፍን ካስተማሩት ማሽኖች አንዱ እሱ ነው፤ ቻንትሊ ያለችው የጠፈር መንኮራኩር ዲስከቨሪ በየጉዞዋ መጨረሻ ያረፈችው እንደዚያ ነው። እሷ ፊት ፎቶ የማይነሳ ሐበሻ የለም። ለታላቅ ወንድሟ ግን ቀና የሚል የለም።

ሳልረሳ፣ ስለ ዲስክ አያያዝ። ዲስክ በጠርዙና በመሐሉ ቀዳዳ ነው የሚያዘው፤ እንደ እንጀራ በመዳፍ አይነሳም። ሲቆሽሽ ለስላሳ ጨርቅ ወስዳችሁ ከመሐል ወደ ጠርዝ ቀጥ አድርጋችሁ ጥረጉት። ክብ ክብ እያደረጋችሁ አትሹት፤ መረጃው የተጻፈው ዙሪያውን ነው፣ ዙሪያውን የተጫረ ጭረት አንድ መስመር ሙሉ ይበላል፤ አቋርጦ የሄደውን ግን ማጫወቻው አብዛኛውን ጊዜ ገምቶ ይሞላዋል። በሸሚዝ ጫፍ የሚወለውል ሰው ሣጥኔን አይነካም።

የነካት ግን አለ። የ«ገዳዩ ድጋሚ» ዲስክ ቦታው ባዶ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት አሌክሳንድሪያ የሚኖር ወዳጄ «ለአንድ ሳምንት» ብሎ ወሰደው። ልጁ ያን ቅዳሜ ኤችኤል-10ን በቅርብ አሳየኝ ቢለኝ የማሳየው አጣሁ። ወንድሜ፣ ይህን እንደምታነብ አውቃለሁ። አልተቀየምኩም። በፖስታ አትላከው፣ ይጫራል። ሲመችህ ደውልልኝ፤ በዱክ ስትሪት ሳልፍ ጎራ ብዬ እወስደዋለሁ።