ማን፣ በማን ስም፣ ምን ጠየቀ? የአየር ንብረት ሎቢና ግልጽነት

በዞብል ተራሮችና በምዕራቡ ደጋ መካከል በተዘረጋው የቆቦና የራያ ቆላ፣ የአርሶ አደሩ ምርት የሚወሰነው በዝናቡ መጠን ብቻ ሳይሆን በመግቢያና በመውጫ ጊዜውም ጭምር ነው፤ ክረምቱ ዘግይቶ ገብቶ ቀድሞ ሲወጣ፣ ለመድረስ ረጅም ወራት የሚፈልገው ነባሩ የማሽላ ዘር ፍሬ ሳይዝ ይደርቃል። ስለዚህ የአየር ንብረትን የሚለውጠው የበካይ ጋዝ ልቀት በምን ያህልና መቼ ይቀንስ የሚለው ውሳኔ፣ ከቆቦ እጅግ ርቆ ቢተላለፍም፣ ውጤቱ እስከዚህ ማሳ ይዘልቃል።

ሎቢ የሚባለው፣ ኩባንያዎችና ማኅበራት ሕግ አውጪዎችን፣ ባለሥልጣናትንና ተደራዳሪዎችን ወደ ፍላጎታቸው ለመሳብ የሚያካሂዱት የማግባባት ሥራ ነው። አሳብን ለመንግሥት ማቅረብ ተገቢ መብት ሲሆን፣ ችግሩ የሚጀምረው ጠያቂውና ከፋዩ ሲሰወሩ ነው። የራያ አርሶ አደር ከተራራ የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፎ ማሳውን ሲያጠጣ፣ ከላይ ያለው ቦዩን በስውር ቢዘጋ ጉዳቱ የሚታየው ከታች እንደሆነ ሁሉ፣ በስውር ሎቢም ጉዳት አድራሹና ተጎጂው አይተያዩም።

ለዚህ ግሎባል ክላይሜት ኮአሊሽን የተባለው፣ እ.ኤ.አ. ከ1989 እስከ 2002 የነዳጅ፣ የድንጋይ ከሰልና የመኪና ኩባንያዎችን ያስተባበረው የአሜሪካ ስብስብ ጉልህ ምሳሌ ነው። ስብስቡ የአየር ንብረት ሳይንስ አልተረጋገጠም እያለ የልቀት ቅነሳ ግዴታን ሲቃወም፣ የራሱ የሙያ አማካሪዎች እ.ኤ.አ. በ1995 የሳይንሱ መሠረት ሊካድ እንደማይችል በውስጥ ሰነድ ጽፈውለት ነበር፤ ሰነዱ በጋዜጣ ለሕዝብ የተገለጠው ግን እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ኩባንያዎች በማኅበር ጥላ ሥር ሆነው የሚያካሂዱት ይህ ዓይነቱ ሎቢ፣ በየድርጅቱ ስም ከሚቀርበው ይልቅ ለቁጥጥር ያስቸግራል።

መፍትሔ ተብለው የተዘረጉት መንገዶች በዋናነት ሦስት ናቸው። አንደኛው የሎቢ መዝገብ ሲሆን፣ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጣችው ሕግ ሎቢ አድራጊዎች ደንበኞቻቸውንና ክፍያቸውን እንዲያሳውቁ አስገድዳለች። ሁለተኛው የባለአክሲዮኖች ግፊት ነው፤ የጡረታ ፈንዶችና ሌሎች ባለሀብቶች፣ ኩባንያው አባል የሆነባቸው ማኅበራት አቋም ከገባው የአየር ንብረት ቃል ጋር መጣጣሙን መርምሮ በይፋ ሪፖርት እንዲያደርግ ይጠይቃሉ። ሦስተኛው፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ከተካሄደው የዱባይ ጉባኤ ጀምሮ የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ ተሳታፊዎች ሲመዘገቡ ማንን እንደሚወክሉ እንዲገልጹ የተደረገበት አሠራር ነው።

በኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 299/1995 በፕሮጀክቶች የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ላይ የሕዝብ፣ በተለይም የተጎጂ ማኅበረሰቦች፣ አስተያየት እንዲካተት ያዛል፤ አዋጅ ቁጥር 590/2000 ደግሞ ማንም ሰው ከመንግሥት አካላት መረጃ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። ሆኖም ፖሊሲ ሲረቀቅ የትኛው ኩባንያ ምን እንደጠየቀ በቋሚነት የሚያሳይ ለሕዝብ ክፍት የሆነ የሎቢ መዝገብ የለም፤ ዜጋውም መኖሩን የማያውቀውን ሰነድ ሊጠይቅ አይችልም።

ሀገሪቱ እ.ኤ.አ. በ2027 32ኛውን የአየር ንብረት ጉባኤ እንድታስተናግድ ተመርጣለችና፣ ከዚያ በፊት የባለሥልጣናትንና የኩባንያዎችን ስብሰባ በስም፣ በቀንና በርዕሰ ጉዳይ መዝግቦ በሀገር ውስጥ ቋንቋዎች ይፋ ማድረግ፣ ሐሰተኛ ምዝገባንም የሚመረምርና የሚቀጣ ነጻ አካል ማቋቋም ይገባታል። ለልቀቱ ያለው ድርሻ እጅግ አነስተኛ ሆኖ ሳለ ጉዳቱን ቀድሞ የሚሸከመው የቆላ አርሶ አደር፣ በዕጣው ላይ ማን እንደተነጋገረ የማወቅ መብቱ ከማንም ኩባንያ የንግድ ምስጢር ሊቀድም ይገባል።