«ከባድ ብረት» በ«ጠንካራ ውኃ» ውስጥ፦ የብረት ብክለት በዳፍኒያ ላይ የሚያደርሰውን ለውጥ በአማርኛ ስለ ማብራራት

1. መነሻ

የውኃ ብክለት ጥናት ከቤተ ሙከራ ወጥቶ ወደ ገበሬው፣ ወደ ዓሣ አስጋሪውና ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት የሚደርሰው በቃላት አማካይነት ነው። ቃሉ ከተሳሳተ የልኬቱ ትክክለኛነት ብቻውን አይጠቅምም። ይህ ጽሑፍ በወንዝና በሐይቅ የሚኖሩ ጥቃቅን ክረስታሽያኖች፣ በተለይም ዳፍኒያ፣ በመርዛማ ብረት ሲበከሉ የሚደርስባቸውን ለውጥ ያብራራል፤ በዚያውም ማብራሪያው በአማርኛ የት ላይ እንደሚሰናከል ያመለክታል። ተመሳሳይ ጥያቄ በሌሎቹም የአፍሪቃ ቀንድ ቋንቋዎች ይነሣል።

2. እንስሳዋና ስሟ

ዳፍኒያ የሸርጣንና የሽሪምፕ ወገን ስትሆን ርዝመቷ ከጥቂት ሚሊ ሜትር አያልፍም። ጣናን ጨምሮ በብዙ ሐይቆችና ኩሬዎች ትገኛለች። በእግሮቿ ውኃውን እያጣራች ዋቅላሚ ትመገባለች፤ እርሷም በተራዋ የዓሣ ምግብ ናት። በእንግሊዝኛ የተለመደው ስሟ ቃል በቃል ሲመለስ «የውኃ ቁንጫ» ይሆናል። ቁንጫ ግን ደም የሚመጥ ተባይ ነው፤ ዳፍኒያ ማንንም አትነክስም። «የውኃ ቁንጫ ጠፋ» የሚለውን የሚያነብ ሰው ደስ ሊለው ይችላል፤ የዜናው ትርጉም ግን ውኃው ተመርዟል ማለት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ዳፍኒያ» የሚለውን የውሰት ቃል መያዝ ይሻላል። በአንስታይ ጾታ መጥራቱም ሁለት ምክንያት አለው፤ አማርኛ ትንሽን ነገር በአንስታይ ያሳንሳል፣ ዳፍኒያዎችም አብዛኛውን ጊዜ ያለ ወንድ የሚራቡ እንስቶች ናቸው።

3. ብረቱ እንዴት ይጎዳል?

«ብረት» በዕለታዊ አነጋገር የማረሻውንና የበሩን ብረት ይጠራል፤ «እርሳስም» ማዕድኑንም መጻፊያውንም ይሰይማል። «ከባድ ብረት» ሲባል አድማጩ ክብደትን ያስባል። እዚህ የምንናገረው ግን ስለማይታይ፣ በውኃ ስለ ሟሟ ብረት ነው፤ «የሟሟ መርዛማ ብረት» ማለቱ ይበልጥ ግልጽ ነው።

ዳፍኒያ ለሕይወቷ የሚያስፈልጓትን ጨዎች ከውኃው ትስባለች። መዳብና ብር ሶዲየም የሚገባበትን መንገድ ይዘጋሉ። ካድሚየምና ዚንክ ደግሞ ከካልሲየም ጋር ይሻማሉ። ዳፍኒያ እያደገች ስትሄድ ቅርፊቷን ደጋግማ ስለምትቀይር ካልሲየም ዘወትር ያስፈልጋታል፤ ካድሚየም የሚገባው በዚያው በር ነው።

የቃላቱ ችግር የሚከፋው እዚህ ላይ ነው። ካልሲየምና ማግኒዚየም የበዛበት፣ ሳሙና በቀላሉ የማያረፋበት ውኃ በቀጥታ ትርጉም «ጠንካራ ውኃ» ይባላል። «ጠንካራ ውኃ» እና «ከባድ ብረት» በአንድ ዓረፍተ ነገር ሲገናኙ አንባቢው አንዱ የሌላውን ጉዳት የሚያባብስ ይመስለዋል። እውነቱ ተቃራኒው ነው፤ ካልሲየሙ በሩን ቀድሞ ስለሚይዝ በብዙዎቹ ብረቶች የሚደርሰው ጉዳት ይቀንሳል። ያው የመዳብ መጠን ካልሲየም ባነሰበት ውኃ ይበልጥ ይገድላል።

የብረቱ ስም ብቻም አይበቃም። ቆዳ ለማልፋት በብዛት የሚውለው ክሮሚየም ባለ ሦስት ቫለንስ ሲሆን፣ ለዳፍኒያ ይበልጥ ብርቱ መርዝ የሚሆነው ባለ ስድስቱ ነው። ስለ ፋብሪካ ፍሳሽ የሚጽፍ ሰው የትኛውን እንደሚል መለየት አለበት።

4. ሞት፣ መዛል፣ መልመድ

ዓለም አቀፉ የ48 ሰዓት ሙከራ የሚጀምረው ዕድሜያቸው ከ24 ሰዓት በታች በሆኑ ዳፍኒያዎች ነው። የሚቆጠረው ሞት ሳይሆን አለመዋኘት ነው፤ ዕቃው ቀስ ብሎ ከተነቃነቀ በኋላ በ15 ሰከንድ ውስጥ ያልዋኘች ትመዘገባለች። ስለዚህ ውጤቱ «ግማሾቹን የገደለ መጠን» ሳይሆን «ግማሾቹን መዋኘት ያስቆመ መጠን» ተብሎ መጻፍ ይገባዋል። ከዚህ ያነሰ መጠንም ያለ ጉዳት አያልፍም፤ ዳፍኒያዋ መብላት ትቀንሳለች፣ እድገቷ ይዘገያል፣ የምትወልዳቸውም ያንሳሉ። ይህን የሚያሳየው የ21 ቀኑ ሙከራ ነው።

«መላመድ» የሚለው ቃል ደግሞ ሁለት ነገር ይደባልቃል። አንዲት ዳፍኒያ ብረትን የሚያስር ፕሮቲን አብዝታ በማምረት በተወሰነ ደረጃ ልትቋቋም ትችላለች፤ ይህ በአንድ ዕድሜ የሚሆን ነው። በሌላ በኩል ደካሞቹ አልቀው የብርቱዎቹ ዘር ሲቀር የሚለወጠው ትውልዱ ነው። የመጀመሪያውን «መልመድ»፣ ሁለተኛውን «በዘር መቋቋም» ብሎ መለየት ይቻላል። ልዩነቱ የቃል ብቻ አይደለም፤ «ለመዱት» የተባለው ብዙዎች አልቀው የቀሩትን ሊሆን ይችላል።

5. «የሞተ» ሐይቅ

በሰሜን ኢጣሊያ የኦርታ ሐይቅ ከ1926 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከሰው ሠራሽ ሐር ፋብሪካ መዳብና አሞኒየም ገባበት፤ አሞኒየሙም ሐይቁን አሲዳማ አደረገው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተንሳፋፊ ጥቃቅን ፍጥረታቱ ጠፉ፤ ሪና ሞንቲ በ1930 ይህንኑ መዘገበች። በ1989 እና በ1990 ከ10 ሺህ ቶን በላይ የኖራ ድንጋይ ዱቄት ከተጨመረበት በኋላ ሕይወት ቀስ በቀስ ተመለሰ። «ሐይቁ ሞተ» ማለት እንግዲህ ያሳስታል። ዳፍኒያ ክፉ ዘመንን የሚሻገር፣ በጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት የሚቆይ ዕንቁላል ትጥላለች። «ተራቆተ» የሚለው ቃል ጉዳቱን ሳያሳንስ የመመለስን ተስፋ ክፍት ይተዋል።

6. መደምደሚያ

ከአቃቂ ወንዝ ውኃ ቀድቶ አትክልት ለሚያለማ ገበሬ የሚቀርብ መግለጫ የትኛው ብረት፣ በምን ዓይነት ውኃ፣ ምን ያህል ጊዜ፣ ምን ለውጥ እንዳመጣ በግልጽ ግሥ ሊነግረው ይገባል። መዛል፣ መራብ፣ መምከን፣ መራቆት የሚሉት ግሦች በቋንቋው ውስጥ አሉ። የስያሜ ሥራችን ከነዚህ ቢጀምር የምናወጣቸው ስሞች ከሚሰይሙት ነገር አይርቁም።