ልጃችን በሰልፍ ላይ ምን ይበል?

ልጃችሁ ዛሬ ጠዋት በትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ ቆሞ ምን እንዳለ ጠይቃችሁት ታውቃላችሁ? ስለ ደብተሩ፣ ስለ ፈተናው፣ ስለ ምሳው እንጠይቃለን። ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ስለሚዘምረው መዝሙርና በበዓል ቀን ከመምህሩ አፍ ተቀብሎ ስለሚደግመው ቃል ግን እምብዛም አንነጋገርም።

በአንዳንድ ቤት ግን ጉዳዩ ባልና ሚስትን ያለያያል። አንዱ፣ “አገርን ማክበር ነው፤ ምን ክፋት አለው?” ይላል። ሌላው፣ “ለእግዚአብሔር ብቻ የሚገባውን ለሌላ መስጠት አይሆንብንም ወይ?” ብሎ ይጨነቃል። ልጁ ደግሞ በሁለቱ መካከል ይቆማል። እንግዲህ ጉዳዩን ረጋ ብለን እንመልከተው።

የመተማ ትምህርት

ከጎንደር ተነሥታችሁ ወደ ሱዳን ድንበር ብትወርዱ፣ ሰሊጥና ጥጥ የሚበቅልበትን ቆላ አልፋችሁ መተማ ዮሐንስ ትደርሳላችሁ። ከተማዋ የምትጠራው መጋቢት 1881 ዓ.ም. ከደርቡሾች ጋር በተደረገው ጦርነት ቆስለው በሞቱት በዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ስም ነው። ንጉሡ ለአገራቸው ሕይወታቸውን ሰጥተዋል፤ ይህ ክብር ይገባቸዋል።

ታሪኩ ግን ሌላም ነገር ያስተምረናል። ከጦርነቱ በፊት የደርቡሽ መሪዎች ንጉሡን ሃይማኖታቸውን ለውጠው እንዲሰልሙ ጠይቀዋቸው ነበር፤ እርሳቸውም እንቢ አሉ። እኚሁ ንጉሥ ግን በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ አዝዘው ነበር። ከተጠመቁት ብዙዎቹ ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት ሙስሊም ሆነው ኖሩ። በግድ የተነገረ ቃል ከከንፈር አያልፍም። አፍን ማስገደድ ይቻላል፤ ልብን ግን አይቻልም።

ወላጆቻችን የከፈሉት ዋጋ

በደርግ ዘመን በትምህርት ቤትም፣ በቀበሌ ስብሰባም፣ በመሥሪያ ቤትም ግራ እጅን ጨብጦ ወደ ላይ ማንሣትና መፈክር ማሰማት ግዴታ ነበር። “ኢትዮጵያ ትቅደም” የሚለውን ብዙ አማኝ ያለ ችግር ይል ነበር። “ከሁሉም በላይ አብዮቱ” ሲባል ግን ጥያቄ መጣ፤ ከሁሉም በላይ ያለው እግዚአብሔር ነውና። ይህን አንልም በማለታቸው ወንጌላውያን ወጣቶች ተገርፈዋል፣ ታስረዋል፣ ከትምህርታቸው ተሰናክለዋል። “ጸረ አብዮት” እና “የመጤ ሃይማኖት ተከታይ” የሚል ስምም ተለጠፈባቸው።

ልብ በሉ፤ እነዚህ ወጣቶች አገራቸውን አልጠሉም። አንድ ቃል ብቻ፣ ለእግዚአብሔር የሚገባውን ስፍራ ለሌላ የሚሰጠውን ቃል፣ እምቢ አሉ። በዚያ ፍርሃት ውስጥ እጃቸውን ያነሡም ነበሩ፤ በእነርሱ ላይ መፍረድ የእኛ ድርሻ አይደለም።

ዛሬ ያለው ሁኔታ ከዚያ ይለያል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 ማንም ሰው በእምነቱ እንዳይገደድ ይደነግጋል፤ ወላጆችም ልጆቻቸውን በእምነታቸው መሠረት የማስተማር መብት ይሰጣቸዋል። አንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖትና ከፖለቲካ ወገንተኝነት ነጻ በሆነ መንገድ እንዲሰጥ ያዝዛል። ይህን ማወቅ ለጠብ ሳይሆን፣ ከርእሰ መምህሩ ጋር በትሕትና ለመነጋገር ይጠቅመናል።

በሌሎች አገሮችስ?

ጥያቄው የእኛ ብቻ አይደለም። የአሜሪካ ተማሪዎች በየጠዋቱ የሚደግሙትን የሰንደቅ ዓላማ ቃል እ.ኤ.አ. በ1892 የጻፈው ፍራንሲስ ቤላሚ የባፕቲስት አገልጋይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1935 በፔንስልቬንያ የአንድ የይሖዋ ምስክሮች ቤተሰብ ልጆች ለሰንደቅ ዓላማው ሰላምታ አንሰጥም ብለው ከትምህርት ቤት ተባረሩ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1940 ፈረደባቸው፤ በ1943 ግን በሌላ ጉዳይ ፍርዱን ለወጠና ማንም ተማሪ ይህን እንዲል ወይም እንዲያደርግ አይገደድም አለ። በሕንድም እ.ኤ.አ. በ1986 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በኬራላ የተባረሩ ሦስት ተማሪዎች ወደ ክፍላቸው እንዲመለሱ ወሰነ። ልጆቹ ብሔራዊ መዝሙር ሲዘመር በአክብሮት ይቆሙ ነበር፤ አይዘምሩም ነበር እንጂ። በትምህርተ እምነት ከእነርሱ ብንለይም፣ በአክብሮት የቆመ ልጅ አገሩን እንዳልናቀ ዳኞቹ መገንዘባቸው ሊያስተምረን ይችላል።

ለልጃችን ምን እንንገረው?

ሦስቱን ብላቴኖች አስቡ (ዳንኤል 1 እና 3)። በባቢሎን ትምህርት ቤት ተማሩ፣ የአገሩን ቋንቋ አጠኑ፣ አዲስ ስም ተቀበሉ፣ በመንግሥት ሥራ አገለገሉ። እምቢ ያሉት ለምስሉ መስገድን ነው። ሁሉን እምቢ አላሉም፤ ሁሉንም እሺ አላሉም። ለይተው አወቁ። ልጆቻችንም የሚያስፈልጋቸው ይህ የመለየት ጥበብ ነው።

በመጀመሪያ፣ ቃሉን አብራችሁ አንብቡት። ልጁ የሚዘምረውን በደብተሩ ይጻፈው፤ እናንተም ትርጉሙን አስረዱት። ስለ አገር ሰላም፣ ስለ ሥራ፣ ስለ እኩልነት የሚናገር ከሆነ በደስታ ይበለው። ነቢዩ ኤርምያስ ምርኮኞቹን ስለሚኖሩባት ከተማ ሰላም እንዲጸልዩ አዝዟቸዋል (ኤር. 29፥7)።

ሁለተኛ፣ ክብርንና አምልኮን ለዩለት። ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ቀጥ ብሎ መቆም ክብር ነው፤ አያቱ ሲገቡ ብድግ እንደሚል ማለት ነው። ማንኛውንም ሰው፣ ፓርቲ ወይም ወገን ከእግዚአብሔር በላይ የሚያደርግ ቃል ከመጣ ግን በአክብሮት ቆሞ ዝም ማለት እንደሚችል ንገሩት። የሚዘምሩትን ጓደኞቹን እንዳይንቅም አስጠንቅቁት።

ሦስተኛ፣ ጎረቤቱን እንዲያይ አስተምሩት። በመተማ አማራው፣ ቅማንቱና ጉሙዙ፣ ኦርቶዶክሱ፣ ሙስሊሙና ጥቂቱ ወንጌላዊ አብረው ይኖራሉ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲነሣ፣ በዚሁ በር ብዙ ቤተሰቦች ሸሽተው ገብተዋል። እነዚያ ልጆች ያደጉት በሌላ ሰንደቅ ዓላማ ሥር ነው፤ የፈጠራቸው ግን ያው አንዱ አምላክ ነው። አገሩን የሚወድ ልጅ ስደተኛውን ሲጠላ ብንሰማ፣ መዝሙሩን በቃሉ ያዘው እንጂ አልገባውም ማለት ነው። በአማራ ክልልም ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በተነሣው ግጭት በርካታ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ሰልፉ እንኳ የናፈቃቸው ልጆች ብዙ ናቸው። ስለ እነርሱ ከልጃችሁ ጋር ጸልዩ።

በመጨረሻም፣ ወላጆች ሆይ፣ የቤታችንን ሰልፍ እንመርምር። እኛም ልጆቻችንን አሰልፈን፣ ልባቸው የሌለበትን ጸሎትና ጥቅስ እናስደግማቸው ይሆን? ልጅ የሚያምነው በጆሮው ከሰማው ይልቅ በዓይኑ ያየውን ነው። ግብሩን በሐቅ የሚከፍል፣ ጉቦ የማይሰጥ፣ ጎረቤቱን የሚረዳ አባት ያለው ልጅ አገርን መውደድ ምን እንደ ሆነ ያውቃል። በችግር ቀን የምትጸልይና ይቅር የምትል እናት ያለችው ልጅም ጌታ ማን እንደ ሆነ ያውቃል።

ዛሬ ማታ ከእራት በኋላ ሬዲዮውን ዝጉና ልጃችሁን፣ “የምትዘምረው ምን ማለት ነው?” ብላችሁ ጠይቁት። ባልና ሚስት አስቀድማችሁ ሁለታችሁ ተስማሙ፤ ልጁ በሁለት ሐሳብ እንዳይከፈል። እግዚአብሔር ቤታችሁንም አገራችንንም ይባርክ።