ስለ ዚንክ ኦክሳይድ ጋዝ አመልካችና ስለ እህል ጉድጓድ አየር

ዚንክ የቤት ክዳን ቆርቆሮ እንዳይዝግ የሚለበጥበት ማዕድን ነው። በአየር ውስጥ በተቃጠለ ጊዜ ነጭ ዱቄት ይሆናል፤ ይህም ዱቄት ዚንክ ኦክሳይድ ይባላል፥ ሐኪሞችም ለቆዳ ቅባት ያደርጉታል። ይኸው ነጭ ነገር በመስተዋት ወይም በሸክላ ላይ እጅግ ስስ ሆኖ ተለብጦ በጋለ ጊዜ፥ ዓይን የማያየው ጋዝ በአየር ውስጥ መኖሩን ያስታውቃል። የጋዝ አመልካች እየተባለ ከሚሸጠው መሣሪያ ብዙው በዚህ ዓይነት ብልሃት የሚሠራ ስለ ሆነ፥ ለእህል ጉድጓድ ጥበቃ ሊገዛ የሚያስብ ሹም ወይም ባለእርሻ መሣሪያው የሚያውቀውንና የማያውቀውን አስቀድሞ ሊረዳ ይገባዋል።

ዚንክ ኦክሳይድ ኤሌክትሪክን እንደ መዳብ በነጻ አያሳልፍም፥ እንደ መስተዋትም ጨርሶ አይከለክልም፤ በመካከል ያለ ነው። ከ200 እስከ 400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት ሲግል፥ ከአየሩ ኦክሲጅን መጥቶ በገጹ ላይ ይጣበቃል፤ የተጣበቀውም ኦክሲጅን ኤሌክትሪክን የሚያመላልሱትን ኤሌክትሮኖች ነጥቆ ይይዛል፤ ስለዚህ የኤሌክትሪኩ መንገድ ይጠባል። የሚቃጠል ጋዝ፥ ይኸውም እንደ ቡታ ጋዝ ወይም ከከሰል እንደሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ያለው፥ በደረሰ ጊዜ ከተጣበቀው ኦክሲጅን ጋር ይዋሐዳል፤ የተያዙትም ኤሌክትሮኖች ይለቀቃሉ፥ መንገዱም ይሰፋል። መሣሪያው የሚለካው ይህንን ለውጥ ብቻ ነው። ሽፋኑ ስስ መሆኑም በከንቱ አይደለም፤ ነገሩ የሚደረገው በገጹ ላይ ስለ ሆነ፥ ወፍራም ቢሆን ጋዙ ያልደረሰበት የውስጡ ክፍል ኤሌክትሪክ እያሳለፈ ለውጡን ይሸፍነው ነበር።

ይህን በሥራ ያሳዩት በጃፓን አገር የክዩሹ ዩኒቨርሲቲ ሊቅ ቴትሱሮ ሴይያማና ባልደረቦቻቸው ናቸው፤ ዘመኑም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር 1962 ዓመት ነበር። በዚያው ዓመት ናኦዮሺ ታጉቺ የተባሉ ሌላ ጃፓናዊ በቲን ኦክሳይድ ለሚሠራ መሣሪያ የፈጠራ መብት ጠየቁ፤ በየቤቱ የሚሰቀለው የጋዝ ማስጠንቀቂያም ከዚህ የመጣ ነው።

እንግዲህ ወደ ጉድጓዱ እንመለስ። በሐረርጌና በሌላም ስፍራ ማሽላ በጉድጓድ ይቀመጣል። እህሉ ራሱ፥ ነቀዙና ሻጋታውም ይተነፍሳሉ፤ ከመቶ 21 እጅ የሚሆነው የአየር ኦክሲጅን እየተበላ ያልቃል፥ በፈንታውም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሞላል። ይህ ጋዝ ከአየር ይከብዳልና ክዳኑ ቢከፈትም ከታች ይተኛል፤ ከመቶ 10 እጅ በሆነ ጊዜ ሰውን በጥቂት ደቂቃ ያስተዋል ያሳጣዋል። የወደቀውን ለማውጣት የሚወርደው ሁለተኛውም ሰው ብዙ ጊዜ በዚያው ይቀራል።

ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን የሚቃጠል ጋዝ አይደለም፤ ተቃጥሎ ያበቃ ነው። ስለዚህ ከዚንክ ኦክሳይዱ ላይ ኦክሲጅኑን አንሥቶ ኤሌክትሮኑን አያስለቅቅም። አመልካቹ በጉድጓዱ አፍ ላይ ዝም ቢል፥ ዝምታው አየሩ ደኅና ነው ማለት አይደለም። ከዚህም የሚብስ ሌላ ነገር አለ፤ መሣሪያው የተሠራው ኦክሲጅን ባለበት አየር እንዲለካ ስለ ሆነ፥ ኦክሲጅን ባነሰበት ስፍራ የሚሰጠው ቍጥር አይታመንም። የአየር እርጥበትም ያሳስተዋል፤ አረቄ በሚወጣበት ቤትም የአልኮሉን ትነት እንደሚፈስ ጋዝ ቈጥሮ ሊጮኽ ይችላል፥ ጋዞችን እርስ በርሳቸው አይለይምና።

የኩራዝ ፈተናም ሙሉ አይደለም። የወረደው መብራት ቢጠፋ መግባት ፈጽሞ ክልክል ነው፤ ባይጠፋ ግን ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ሰውን እስከሚጎዳ ድረስ በዝቶ ሳለ ሊበራ ይችላል።

ለጉድጓድ የሚስማማው መሣሪያ ኦክሲጅንንና ካርቦን ዳይኦክሳይድን ለየብቻ የሚለካ ነው፤ የኋለኛውን በማይታይ የሙቀት ብርሃን የሚለካው የተሻለ ነው። ነቀዝ ለመግደል ፎስፊን ለታጠነ ጎተራ ደግሞ ለፎስፊን የተለየ መለኪያ ያስፈልጋል። መለኪያው ሰው ከመውረዱ አስቀድሞ በገመድ እስከ እህሉ ገጽ ድረስ ይውረድ፤ በአፉ ላይ የተለካው አይበቃም። ንጹሕ አየርም በማራገቢያ እስከ ታች ከደረሰ በኋላ እንደ ገና ይለካ፤ የሚወርደውም ሰው ገመድ ታጥቆ፥ ከላይ የሚጎትቱት ሁለት ሰዎች ቆመው ሳሉ ይውረድ።