ጦርነቱ ካለቀ በኋላ የዘመተው ኮር

ባለፈው ሴሚስተር «ስለ አንድ ጦር ጽፋችሁ አምጡ» ስንባል የክፍሌ ልጆች ያሸነፈ ጦር ሲያሳድዱ፣ እኔ እንደ ኮር አንድም ውጊያ ያልገጠመ ጦር መረጥኩ። 34ኛው የሕንድ ኮር ይባላል።

ኮር ማለት ሁለትና ከዚያ በላይ ክፍለ ጦሮችን በአንድ አዛዥ ሥር የሚያሰባስብ ነው። ይሄኛው የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1945፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊያበቃ ወራት ሲቀሩት ነበር። አዛዡ ጄኔራል ኡቭሪ ሮበርትስ እንግሊዛዊ፣ አብዛኛው ወታደር ግን ሕንዳዊ ነው። ሥራው ጃፓን በ1942 ከእንግሊዝ የነጠቀቻትን ማላያን ማስመለስ ነበር። የዘመቻው ስም «ዚፐር»፤ አዎ፣ ሱሪያችን ላይ ያለው ዚፕ!

ታዲያ ዝግጅቱ ሲጠናቀቅ ሂሮሺማና ናጋሳኪ በአቶሚክ ቦምብ ተመቱ፤ ጃፓንም በኦገስት 15 እጇን መስጠቷን አስታወቀች። ዘመቻው ግን አልተሰረዘም። ማላያ ውስጥ ገና መሣሪያውን ያልፈታ የጃፓን ጦር ስለነበር ሴፕቴምበር 9 ቀን 1945 የኮሩ ወታደሮች ሞሪብ በሚባል የባሕር ዳርቻ ወረዱ።

እኔን የገረመኝ እዚህ ጋ ነው። ጠንካራ የመሰለው አሸዋ ሥሩ ጭቃ ሆኖ ተገኘ። መኪኖቹ እየሰመጡ ቀሩ፣ ሌላው ከኋላ ተደረደረ። ጃፓኖች ቢተኩሱ ኖሮ ምን ይፈጠር እንደነበር ማሰብ አያቅትም። «ያለ ተቃውሞ ወረዱ» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ብናነብ ኖሮ ይሄንን ጭቃ ከየት እናገኘው ነበር?

ለወታደሮቹ ግን ነገሩ በዚያ አላበቃም። ከኮሩ ክፍለ ጦሮች አንዱ፣ 23ኛው፣ ወደ ጃቫ ተላከ። ኢንዶኔዥያውያን በኦገስት 17 ነጻነታቸውን አውጀው ነበር፤ የደች ቅኝ አገዛዝ እንዳይመለስባቸው የታጠቁት ወጣቶች ሱራባያ ከተማ ላይ ከሕንዶቹ ጋር ተዋጉ። በኖቬምበር ከተማዋን ያጠቃው ደግሞ 5ኛው የሕንድ ክፍለ ጦር ነው። ይህ ክፍለ ጦር ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ በ1941 ከረንና አምባላጌ ላይ ጣሊያንን የወጋው ራሱ ነው።

የእነዚህ ወታደሮች አገር፣ ሕንድ፣ ራሷ ነጻ የወጣችው በኦገስት 1947 ነው።