የእህል ጆንያን ከድመት ጥፍር ለመታደግ መቧጨሪያ ማስለመድ

ከጎዳና ላይ ተነሥታ ቤት የገባች ድመት አይጥን ከጎተራ ታርቃለች ተብሎ ይጠበቃል። ይሁን እንጂ ብዙም ሳትቆይ በከተማ የሶፋውን ጨርቅ ስትተለትል፣ በገጠር ደግሞ የእህሉን ጆንያ ስትቀድ ትገኛለች። በተለይም እህልን ከነቀዝ ለመጠበቅ የሚያገለግለው አየር የማያስገባ ከረጢት በጥፍር ከተበሳ የመከላከል አቅሙን ያጣል። በዚህ የተነሣ ድመቷ ተደብድባ ትባረራለች፤ አይጡም ወደ ጎተራው ይመለሳል።

ድመት የምትቧጭረው ለማጥፋት ብላ አይደለም። ስትቧጭር ያረጀው የጥፍሯ ሽፋን ይወልቃል፤ ጡንቻዋ ይፍታታል፤ በመዳፏ ሥር ከሚገኙ ዕጢዎች የሚወጣው ጠረንም ቦታው የእርሷ መሆኑን ለሌሎች ድመቶች ያመለክታል። ስለዚህ መቧጨሯን ማስቀረት አይቻልም፤ የምትቧጭርበትን ቦታ መቀየር ግን ይቻላል።

መቧጨሪያውን ለማዘጋጀት ብዙ ወጪ አያስፈልግም። ድመቷ በኋላ እግሮቿ ቆማ ሙሉ በሙሉ እንድትንጠራራ ከ80 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ግንድ በቂ ነው። በግንዱ ላይ የቃጫ ገመድ አጥብቆ መጠምጠም ለጥፍሯ ምቹ ያደርገዋል። ግንዱ ከተነቃነቀ ድመቷ ትፈራዋለች። በመሆኑም ወለሉ አፈር ከሆነ ሥሩን መቅበር፣ ሲሚንቶ ከሆነ ደግሞ ሰፊና ከባድ ጣውላ ላይ መምታት ይገባል።

ድመት ከእንቅልፏ ስትነቃ መንጠራራትና መቧጨር ትወዳለች። ስለሆነም ግንዱ በመኝታዋ አጠገብ ወይም ቀድሞ በለመደችው ዕቃ ፊት ለፊት ይቁም። ገመድ አንጠልጥሎ በግንዱ ላይ እያንቀሳቀሱ ማጫወት እንድትነካው ያነሣሣታል። ግንዱን በቧጨረች ቁጥር ወዲያውኑ ቁራሽ ሥጋ መስጠት ልማዱን ያጠነክረዋል። መዳፏን በግድ ይዞ ግንዱ ላይ ማሸት ግን ከግንዱ ያሸሻታል። መምታትና መጮህም ሰውን እንድትፈራ ከማድረግ በቀር መቧጨሯን አያስተዋትም። በጎዳና ያደገች ድመት ሰውን ለማመን ጊዜ ስለሚወስድባት ትዕግሥት ያስፈልጋል።

በዚሁ ጎን ለጎን የተቧጨረውን ዕቃ ጠረኑ እንዲለቅ አጥቦ በላስቲክ መሸፈን፣ ጆንያዎችን ደግሞ በሚዘጋ ክፍል ውስጥ በርብራብ ላይ መደርደር ይጠቅማል። ድመቷ ግንዱን በሚገባ ከለመደች በኋላ ቦታውን መቀየር ካስፈለገ በየቀኑ ጥቂት በጥቂት ማራቅ እንጂ በአንድ ጊዜ ማንሣት አይመከርም።

ከሁሉም በፊት ግን የቤተሰቡ ጤና መታሰብ አለበት። የእብድ ውሻ በሽታ በድመትም ይተላለፋል። ከጎዳና የመጣች ድመት በእንስሳት ጤና ባለሙያ ታይታ መከተብ ይኖርባታል። ድመት የነከሰችው ወይም የቧጨረችው ሰው ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ፣ ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይገባዋል። ድመት ባለችበት ቤት የአይጥ መርዝ መጠቀምም አይገባም፤ መርዝ የበላ አይጥ የበላች ድመት አብራ ልትሞት ትችላለችና።